የሂሳብ ክኒን

አማርኛ ለማያርፍ ልጅ የሚሰጠው ስም አጥቶ አያውቅም፡፡ ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ረባሽ፣ ቀልበ ቢስ … እናንተም ጨምሩበት፡፡ መድሃኒቱም የዚያኑ ያህል ብዙ ነበር፤ ኩርኩም፣ አለንጋ፣ ተንበርክኮ እጅ ማንሳት፣ ሲብስ ደግሞ የበርበሬ ጭስ፡፡ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰባ ሆነን የተማርን ሰዎች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገንም፡፡ ቀዥቃዣነትን በሽታ ብሎ የጠራው ግን በሰፈራችን አልነበረም፡፡

አሜሪካ ውስጥ ስም አለው፤ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይሉታል፡፡ በግርድፉ ስንመልሰው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር እንደ ማለት ነው፡፡ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ይፋ ያደረገው የ2022 የወላጆች ጥናት እንደሚለው፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 11.4 በመቶዎቹ፣ በቁጥር 7.1 ሚሊዮን ያህሉ፣ አንድ ጊዜ ይህ ችግር አለባችሁ ተብለዋል፡፡ ከዘጠኝ ልጅ አንዱ መሆኑ ነው፡፡ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ ዘመድ ያለው ሰው ወሬው ሳይደርሰው አይቀርም፡፡ ልጁ አንደኛ ክፍልን ሳይጨርስ መምህሯ ወላጆቹን ትጠራለች፤ ልጃችሁ አይቀመጥም፣ ሲነግሩት አይሰማም፣ ሀኪም ቢያየው ጥሩ ነው ትላለች፡፡ ሀኪሙ ቅጽ ያስሞላል፡፡ ቅጹ ሲያልቅ የመድሃኒት ማዘዣ ይከተላል፡፡ ከዚያ ስልክ ወደ አዲስ አበባ ይደወላል፤ አያት ‹‹በህጻን ልጅ አእምሮ ላይ እጽ!›› ብለው ቡራ ከረዩ ይላሉ፤ እናት ደግሞ ከትምህርት ቤቱና ከአያት መሃል ተወጥራ ታድራለች፡፡

እኛ በዚህ ክርክር አያትንም መምህሯንም በቀላሉ ለመርታት አልቻልንም፡፡ ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደን፣ መቀመጥ አለመቻል በየትኛው በር ሀኪም ቤት እንደገባ ልንፈትሽ ተነሳን፡፡ (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልን፡፡)

ራስ ምታቱን ትቶ ልጁን ያዘ

አብዛኞቹ መጻሕፍት ታሪኩን ከለንደን ይጀምሩታል፡፡ በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ የህጻናት ሀኪም በሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ ተከታታይ ትምህርት ሰጠ፡፡ የተናገረው የመረዳት አቅማቸው ደህና ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግዛት ስላቃታቸው ልጆች ነበር፡፡ ጉድለቱን የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት አለው፡፡ ይሁን እንጂ የስቲል ልጆች የሚሰርቁ፣ የሚዋሹና የሚጨክኑ ናቸው፤ ዛሬ እርሳስ በማሽከርከሩና መስኮት መስኮት በማየቱ ክኒን ከሚታዘዝለት ልጅ ጋር ዝምድናቸው ሩቅ ነው፡፡ የህክምና ሰዎች ለበሽታቸው የተከበረ አያት ሲፈልጉ አያጡም ብለን እንለፈው፡፡

ለእኛ ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ አባት ሐዘን ነው፡፡ የአሜሪካዊው ባለጸጋ የጆርጅ ብራድሊ አንዲት ልጅ፣ ኤማ፣ በሰባት ዓመቷ የአንጎል ብግነት ይዟት ለዘለቄታው ተጎዳች፡፡ ቤተሰቡ ሀብቱን እንደ እርሷ ላሉ ልጆች ማረፊያ ይሁን ብሎ ተናዘዘ፤ በኑዛዜው መሠረት በ1931 በሮድ አይላንድ፣ ኢስት ፕሮቪደንስ፣ በስሟ የተሰየመ የህጻናት ሆስፒታል ተከፈተ፡፡ የቤተሰቡ ዘመድ የሆነው ሀኪም ቻርልስ ብራድሊ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊ ሆነ፡፡

በዚያ ዘመን የአንጎልን ውስጥ በራጅ ለማየት ከአከርካሪ ፈሳሽ ቀድቶ በምትኩ አየር ማስገባት ግድ ነበር፡፡ ልጆቹ ከምርመራው በኋላ በራስ ምታት ይሰቃያሉ፡፡ ብራድሊ ፈሳሹ ቶሎ እንዲተካ ያግዛል ብሎ ቤንዜድሪን የተባለ የአምፌታሚን መድሃኒት ሰጣቸው፡፡ ራስ ምታቱ ያን ያህል አልተሻለም፡፡ መምህራኑ ግን ሌላ ነገር አዩ፡፡ ልጆቹ ተቀመጡ፤ የጀመሩትን ጨረሱ፤ ሂሳብ ሰሩ! ብራድሊ በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ መድሃኒቱን ለአንድ ሳምንት ከወሰዱት 30 ልጆች መካከል 14ቱ በትምህርታቸው ላይ ዓይን የሚገባ ለውጥ ማሳየታቸውን ዘገበ፡፡ ለውጡ መድሃኒቱን በወሰዱበት ቀን መጣ፤ ባቆሙበት ቀን ሄደ፡፡ ልጆቹ ራሳቸው ክኒኑን የሂሳብ ክኒን ብለው ሰየሙት፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስም የእነርሱ ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፡፡ ለውጡን በመጀመሪያ ያዩት መምህራን ናቸው፡፡ የታየውም የክፍል ውስጥ ለውጥ ነው፡፡ ሀኪሙ ሲፈልግ የነበረው የራስ ምታት ማስታገሻ ነበር፡፡ መድሃኒቱ የተገኘው በሽታው ስም ሳይወጣለት ነው ማለት እንችላለን፤ ስሙን ፍለጋ ገና ሠላሳ ዓመት ይቀራል፡፡

እንዴት የሚያነቃቃ ነገር ልጅን ያረጋጋል? ሀኪሞቹ ለረጅም ጊዜ ግራ ገብቷቸው ነበር፡፡ ሰውን የሚያነቃው መድሃኒት ቅብጥብጡን ልጅ ካበረደው፣ ልጁ ከሌላው የተለየ አንጎል ቢኖረው ነው ተባለ፤ መድሃኒቱ መስራቱ ራሱ የበሽታው ማረጋገጫ ሆነ፡፡ ይህን አስተሳሰብ የናደው አንድ አጭር ጥናት ነው፡፡ በ1978 ጁዲዝ ራፖፖርትና ባልደረቦቿ ምንም ችግር ለሌለባቸው 14 ወንድ ልጆች አንድ ጊዜ የሚወሰድ አምፌታሚን ሰጡ፡፡ እነዚህም ተረጋጉ፤ ትኩረታቸውም ጨመረ፡፡ ክኒኑ በጤነኛውም ላይ ይሰራል ለካ!

የእኛ አገር ተማሪ ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፡፡ የፈተና ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ አካባቢ ዞር ዞር ያለ ሰው፣ ጫት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ከደብተሩ ሳይነቀል የሚያድር ስንቱን አይቷል፡፡ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ ጫት ሲቅም ስላጠና ብቻ ‹‹እንግዲያው በሽተኛ ነበር›› የተባለ ሰው ግን አልሰማንም፡፡

ከስፑትኒክ ሰማይ ስር

ብራድሊ ያገኘው ነገር ሃያ ዓመት ያህል ብዙም ጠያቂ ሳያገኝ ተቀመጠ፡፡ እስከዚያው ስዊዘርላንድ ውስጥ የሲባ ኩባንያ ኬሚስት ሌአንድሮ ፓኒዞን በ1944 ሜቲልፌኒዴትን ሠራ፡፡ ሚስቱ ማርጌሪት ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ትወስደው ነበር ይባላል፤ ሪታሊን የሚለውም ስም የመጣው ‹‹ሪታ›› ከሚለው የቁልምጫ ስሟ ነው፡፡ በ1950ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ ሲወጣ የታሰበው ለደከማቸውና ለተከዙ አዋቂዎች ነበር፡፡ ለልጆች የተፈቀደው በ1961 ነው፡፡

ታዲያ በመሃሉ ምን ተፈጠረ? የታሪክ ተመራማሪው ማቲው ስሚዝ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፡፡ ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች፡፡ አሜሪካ ደነገጠች፡፡ ሩሲያውያን የቀደሙን ልጆቻችን በትምህርት ሰንፈው ነው ተባለ፤ በ1958 የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት አዋጅ ወጣ (ትምህርትና መከላከያ በአንድ አዋጅ ስም ላይ ሲቀመጡ አያስገርምም?)፡፡ አዋጁ ለሳይንስና ለሂሳብ ገንዘብ አፈሰሰ፤ በየትምህርት ቤቱ አማካሪዎች እንዲቀጠሩና ጎበዝ ተማሪዎች በፈተና እንዲለዩም አደረገ፡፡ ጎበዙን ለመለየት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ የቀረውንም መለየቱ አይቀርም፡፡ ድሮ ትምህርት አልሆን ሲለው ወደ እርሻ ወይም ወደ ፋብሪካ የሚገባው ልጅ አሁን ክፍል ውስጥ ተይዞ ቀረ፡፡ ክፍሎቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተወለዱት ልጆች ተጨናንቀው ነበር፡፡ በዚያ ክፍል ውስጥ መቅበጥበጥ የአገር ጉዳይ ሆነ፡፡

የስሚዝን ሐሳብ እንወደዋለን፤ ሁሉን ነገር ይገልጣል ግን አንልም፡፡ አዋጅ ብቻውን ልጅን ክኒን አያስውጥም፤ መለኪያ ያስፈልጋል፡፡ መለኪያውን ያመጡት በ1960ዎቹ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ አብረው ይሠሩ የነበሩት ሊዮን አይዘንበርግና ኪት ኮነርስ ናቸው፡፡ መድሃኒቱን ከባዶ ክኒን ጋር እያነጻጸሩ በልጆች ላይ ከሞከሩት ቀዳሚዎች መካከል ነበሩ፡፡ ኮነርስ በ1969 መምህራን የሚሞሉትን ቅጽ አሳተመ፡፡ ልጁ ይቁነጠነጣል? ሌሎችን ይረብሻል? የጀመረውን አይጨርስም? መልሱ ‹‹በጭራሽ››፣ ‹‹ጥቂት››፣ ‹‹ብዙ›› እየተባለ ነጥብ ይሰጠዋል፡፡ የመምህሩ እሮሮ በዚህ መንገድ ቁጥር ሆነ፡፡ ቁጥር ደግሞ ሲታይ ሳይንስ ይመስላል፡፡

የኦማሃው ዜና

ጋዜጠኝነት ተምረናልና ይህችን ክፍል ሳንቆምባት አናልፍም፡፡

ጁን 29 ቀን 1970 ዋሽንግተን ፖስት አንድ ዜና ይዞ ወጣ፡፡ ዘጋቢው ሮበርት ሜይናርድ ነበር፤ ኋላ የኦክላንድ ትሪቢዩን ባለቤት የሆነው ዝነኛ ጥቁር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፡፡ ዜናው በነብራስካዋ ኦማሃ ከተማ ካሉት 62,000 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ5 እስከ 10 በመቶዎቹ ጠባይ ማስተካከያ መድሃኒት እንደሚሰጣቸው የሚገልጽ ነበር፡፡ አገር ተናወጠ፡፡ በሴፕቴምበር 29 የኒው ጀርዚው ተመራጭ ኮርኔሊየስ ጋላገር በኮንግረሱ ችሎት አስቀመጡ፡፡ ዘመኑ የመብት ትግል ዘመን ነው፤ ጥቁር ወላጆች ትምህርት ቤቱ ልጆቻችንን በክኒን ሊያደነዝዝብን ነው ብለው ቢሰጉ የሚፈርድባቸው አልነበረም፡፡

ኋላ ሲጣራ መቶኛው ለከተማዋ ተማሪዎች በሙሉ የሚሠራ ሆኖ አልተገኘም፤ የተጋነነ ነበር፡፡ ቁጥሩ ቢወድቅም ጥያቄው ግን አልወደቀም፡፡ ወላጅ በእርግጥ ፈቅዷል? ወይስ ትምህርት ቤቱ ተጭኖት ነው? መምህር መድሃኒት እንዲወሰድ የመምከር ሥልጣን ያገኘው ከማን ነው? ችሎቱ እነዚህን ጠይቆ ሳይመልስ ተበተነ፡፡ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1971፣ መንግሥት አምፌታሚንንና ሪታሊንን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድሃኒቶች ሁለተኛ መደብ ውስጥ ከሞርፊንና ከኮኬይን ጋር አስቀመጣቸው፡፡ እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው፡፡ የአያትን ድንጋጤ የሚስቁበት ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፡፡

በ1970ዎቹ ውስጥ ክርክሩ መልክ መልክ ያዘ፡፡ የሳንፍራንሲስኮው የአለርጂ ሀኪም ቤን ፋይንጎልድ ጥፋቱ የምግብ ቀለም ነው አለ፤ ብዙ እናቶችም ጓዳቸውን አጸዱ፡፡ ፒተር ሽራግና ዳያን ዲቮኪ የተባሉ ጸሐፊዎች ደግሞ በ1975 ባወጡት መጽሐፍ ቅብጥብጥ ልጅ የሚባለው ነገር ራሱ ተረት ነው ሲሉ ተከራከሩ፡፡ የፋይንጎልድ ሐሳብ በኋላ ጥናቶች ሲፈተን አብዛኛው አልጸናለትም፡፡

ስሙ ሲሰፋ

ስሙ በሕክምናው መዝገብ እየተለዋወጠ ሄደ፡፡ በ1968 የልጅነት የመቅበጥበጥ ምላሽ ተባለ፡፡ በ1980 የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መዝገብ ትኩረትን ከፊት አመጣና የትኩረት ጉድለት አለው፤ በዚህም ሳይንቀሳቀስ ቁጭ ብሎ በሐሳብ የሚነጉደውም ልጅ በበሩ ገባ፡፡ በ1987 ዛሬ የምናውቀው ስም መጣ፡፡ በ1994ቱ እትም 18 ምልክቶች ተዘረዘሩ፤ ዘጠኙ ስለ ትኩረት፣ ዘጠኙ ስለ መቅበጥበጥና ችኮላ፡፡ ከአንዱ ወገን ስድስት ከተሟላ፣ ምልክቱም ከአንድ ቦታ በላይ ከታየ፣ ልጁ ስሙን ያገኛል፡፡ ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፡- ብዙ ጊዜ፡፡ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ይነሳል፡፡ ብዙ ጊዜ ተራውን መጠበቅ ይቸግረዋል፡፡ ጥያቄው ሳያልቅ ብዙ ጊዜ ይመልሳል፡፡ ብዙ ጊዜ ስንት ጊዜ ነው? የሚወስነው ሰላሳ ልጅ የያዘችውና የደከማት መምህርት ናት፡፡ ከመቀመጫ መነሳት ጥፋት የሚሆነውስ መቀመጫ ባለበት አይደል?

በ1991 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች የልዩ ትምህርት ድጋፍ የሚያገኙበትን መንገድ ግልጽ የሚያደርግ ማስታወሻ አወጣ፡፡ ለብዙ ቤተሰብ ይህ እፎይታ ነበር፤ ልጃቸው ተጨማሪ የፈተና ሰዓትና የሚረዳው መምህር አገኘ፡፡ በዚያው ልክ ስሙን መያዝ ጥቅም ያለው ነገር ሆነ፡፡ ያለ ስም ድጋፍ የለም፤ ድጋፍ የፈለገ ስሙን ይፈልጋል፡፡

ኩባንያዎቹስ? እነርሱ መቼ ተኝተው! በ1995 የአሜሪካ ሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ የጆን ሜሮ ዘገባ፣ በ1987 የተመሠረተው ትልቁ የወላጆች ድጋፍ ማኅበር ቻድ ከሪታሊን አምራች ከሲባ ጋይጊ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር መቀበሉን አጋለጠ፡፡ የማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር፡፡ በ1996 አዴራል መጣ፤ ድሮ ኦቤትሮል ተብሎ ክብደት ለመቀነስ ይሸጥ የነበረው የአምፌታሚን ድብልቅ ስሙን ቀይሮ የልጆች መድሃኒት ሆነ፡፡ በ2000 ጠዋት ተውጦ የትምህርቱን ቀን ሙሉ የሚያዳርሰው ኮንሰርታ ተከተለ፡፡ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ወደ ነርሷ መሰለፉ ቀረ፤ ክኒኑም ከጓደኞቹ ዓይን ተሰወረ፡፡

ስለ ጥቅሙ የተሠራው ትልቁ ጥናት ውጤቱን ያወጣው በ1999 ነው፡፡ 579 ልጆች በአራት ቡድን ተከፍለው ለ14 ወራት ተከታተሏቸው፡፡ መድሃኒት በጥንቃቄ እየተመጠነ የተሰጣቸው ልጆች በምልክቶቹ ረገድ የባህሪ ሥልጠና ብቻ ካገኙት በልጠው ተገኙ፡፡ ዜናው ተራገበ፡፡ በ2007 የወጣው የሦስት ዓመቱ ክትትል ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት መጥፋቱን አሳየ፤ መድሃኒቱን ሳያቋርጡ የወሰዱት ልጆች ቁመታቸው ወደ ኋላ እንደቀረም ታየ፡፡ የመጀመሪያው ውጤት የፊት ገጽ ወሬ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ግርጌ ማስታወሻ አለፈ፡፡

ከዚያ ትምህርት ቤቶች በፈተና ውጤታቸው የሚሸለሙበትና የሚቀጡበት ዘመን መጣ፡፡ ‹‹ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር›› የተባለው ሕግ በ2002 መጀመሪያ ተፈረመ፡፡ የበርክሊዎቹ ስቲቨን ሂንሾና ሪቻርድ ሼፍለር በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው ቅጣት በዚህ ሕግ ሳቢያ አዲስ በመጣባቸው ክፍለ ግዛቶች በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ የሚሰጠው ምርመራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሽቅብ ወጣ፤ ደህና ኑሮ ባላቸው ልጆች ላይ ግን ጭማሪው ትንሽ ነበር፡፡ የልጆች አንጎል በአራት ዓመት ውስጥ በገቢ መጠን ተለይቶ አይለወጥም፡፡ የተለወጠው ርዕሰ መምህሩ ላይ ያለው ጫና ነው፡፡

የኦገስት ልጆች

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኛን ቁጭ አድርጎ ያሳሰበን የልደት ቀን ጉዳይ ነው፡፡

በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መዋዕለ ህጻናት የሚገባ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት መሙላት አለበት፡፡ ኦገስት 31 የተወለደው ይገባል፡፡ ሴፕቴምበር 2 የተወለደው ዓመት ይጠብቃል፡፡ ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ኦገስት የተወለደው ልጅ የመጨረሻው ትንሽ፣ ሴፕቴምበር የተወለደው ደግሞ በዓመት የሚጠጋ የሚበልጠው ትልቅ ነው፡፡ ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ማለት የዕድሜው አንድ አምስተኛ ነው! ታናሹ ቢቁነጠነጥ ምን ይገርማል፡፡

በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሥራ የ407,846 ልጆችን የኢንሹራንስ መዝገብ መረመረ፡፡ የሴፕቴምበር 1 ደንብ ባላቸው ክፍለ ግዛቶች ኦገስት ከተወለዱት 10,000 ልጆች 85ቱ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለባቸው ሲባል፣ ከሴፕቴምበሮቹ ግን 64 ያህሉ ብቻ ተባሉ፡፡ የኦገስቶቹ በ34 በመቶ ይበልጣል፡፡ መድሃኒት በመውሰድም ቢሆን 53 ለ40 ነው፡፡ ይህ ደንብ በሌለባቸው ክፍለ ግዛቶች በሁለቱ ወራት መካከል ያን መሰል ልዩነት የለም፡፡ በአስም ወይም በስኳር በሽታስ? እዚያም የለም፡፡ ልጁ በተወለደበት ወር የሚወሰን አስም የለም፤ በተወለደበት ወር የሚወሰን ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ግን አለ፡፡

ካናዳም ከዚህ አላመለጠችም፡፡ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የክፍል መግቢያው መቁረጫ ዲሴምበር መጨረሻ ነው፡፡ ወደ 938,000 ልጆችን ያካተተው የ2012 ጥናት እንዳሳየው፣ ዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች ጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ በ30 በመቶ፣ ሴቶቹ ደግሞ በ70 በመቶ ይበልጥ ምርመራው ተሰጥቷቸዋል፡፡ መድሃኒት በመውሰድ ወንዶቹ በ41፣ ሴቶቹ በ77 በመቶ ይበልጣሉ፡፡

እነዚህ ቁጥሮች ምን ይነግሩናል? ቢያንስ የተወሰኑ ልጆች ክኒን የሚውጡት ታናሽ ስለሆኑ ነው፡፡ ልጁ በመጪው ዓመት ያድግ ነበር፡፡ ክኒኑን ግን ጀምሯል፤ ሲያድግም ያሻሻለው ክኒኑ ነው ይባላል፡፡

የሌለ ነው ለሚሉት

አንዳንድ አንባቢ እስካሁን ያነበበውን ይዞ ‹‹እንግዲያውስ በሽታው የፈጠራ ነው!›› ለማለት ሳይቸኩል አይቀርም፡፡ እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም፡፡ ፌስቡክ ላይ እየዞረ ‹‹የኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አባት ሊሞት ሲል በሽታው ውሸት መሆኑን ተናዘዘ›› የሚል ምስል አይታችሁ ይሆናል፡፡ ባለቤቱ ቀደም ብለን ያነሳነው አይዘንበርግ ነው፡፡ በ2009 አረፈ፤ ደር ሽፒግል የተባለው የጀርመን መጽሔት በ2012 እንደጻፈው፣ ከመሞቱ ወራት በፊት በተደረገለት ቃለ መጠይቅ ይህን ምርመራ የተፈበረከ በሽታ ምሳሌ ብሎ ጠርቶታል፡፡ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ቅሬታው የዘር ውርስ ድርሻ ከልክ በላይ መጋነኑ እንደሆነ ተቀምጧል፤ ሀኪሞች ክኒን ከመጻፋቸው በፊት የልጁን ቤትና ኑሮ እንዲመረምሩ ይፈልግ ነበር፡፡ ቅብጥብጥ ልጅ የለም አላለም፡፡ እድሜውን ሙሉ ሲያክማቸው የነበረ ሰው እንዴት ይላል?

የዘሩም ነገር ባዶ አይደለም፡፡ በ2019 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ከችግሩ ጋር የተያያዙ 12 ቦታዎችን ለየ፤ በ2023 ቁጥሩ 27 ደረሰ፡፡ እያንዳንዱ ድርሻው ኢምንት ቢሆንም ማለት ነው፡፡ ስዊድን ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ የ2012 ጥናት፣ ምርመራው ያላቸው ወንዶች መድሃኒት በሚወስዱበት ጊዜ በወንጀል የመከሰሳቸው መጠን ካልወሰዱበት ጊዜያቸው በ32 በመቶ ያነሰ መሆኑን አገኘ፡፡ መኪና መንገድ ዘሎ የሚገባ፣ ጓደኛ የማይበረክትለት፣ ራሱን መግዛት ባለመቻሉ ራሱን የሚጠላ ልጅ አለ፡፡ ለዚያ ልጅ ‹‹ልጅነት ነው፣ ይለቀዋል›› ማለት እርሱን መተው ነው፡፡ ለዚህ ልጅ የኛ አለንጋም መልስ ሆኖ አያውቅም፡፡

ሌላም የሚያወሳስብ ነገር አለ፡፡ በ1970 ፍርሃቱ ጥቁር ልጆች በክኒን ይደነዝዛሉ የሚል ነበር አልን፡፡ በ2013 የታተመ ልጆችን ከመዋዕለ ህጻናት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተከተለ ጥናት ግን ተመሳሳይ ባህሪ እያሳዩ እንኳ ጥቁር ልጆች ምርመራውን የማግኘት ዕድላቸው ከነጮቹ በ69 በመቶ ያነሰ መሆኑን ዘገበ፡፡ ነጩ ልጅ ሲቀብጥ ወደ ሀኪም፣ ጥቁሩ ሲቀብጥ ወደ ቅጣት ቢሮ የሚላክበት ትምህርት ቤት ካለ፣ ‹‹መድሃኒት ይብቃ›› የሚለው መፈክር ብቻውን ለጥቁሩ ልጅ አይደርስለትም፡፡ የዲሲ አካባቢ ልጆቻችን በዚያ የትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ጥቁር ናቸው፤ አያት ይህን ከአዲስ አበባ ሆነው አያዩትም፡፡

ስለዚህ የኛ ጥርጣሬ ያረፈው በር ጠባቂው ላይ ነው፡፡ ችግሩን በመጀመሪያ የሚያየው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ቅጹን የሚሞላው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ልጁ ጸጥ ሲል የሚገላገለውም ትምህርት ቤቱ ነው፡፡ ከሳሽ፣ ምስክርና ተጠቃሚ አንድ ሲሆን ፍርዱን ደግመን ብናየው ነውር የለውም፡፡ ቅጹን የሠራው ኮነርስ ራሱ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ አላን ሽዋርትዝ ሲናገር፣ የምርመራው ቁጥር መናር አገራዊ አደጋ መሆኑን ተናግሯል፡፡ አራት ዓመት ቆይቶ አረፈ፡፡

ፖለቲከኞቹ ነገሩን አልረሱትም፡፡ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፈረሙት ትዕዛዝ የተቋቋመው ኮሚሽን፣ ለልጆች የሚታዘዙ አነቃቂ መድሃኒቶች የሚያደርሱትን አደጋ እንዲገመግም ታዟል፡፡ ከኦማሃው ችሎት 55 ዓመት መሆኑ ነው፡፡ በኛ አመለካከት ከመድሃኒቱ ይልቅ የመዋዕለ ህጻናት መግቢያ ቀንና የክፍል ተማሪ ብዛት ቢገመገም ይሻል ነበር፤ እነዚህን የሚጠይቅ ፖለቲከኛ ግን ብዙም አላየንም፡፡

አሁን ዘመዶቻችን ጋ እንመለስ፤ ደብዳቤው ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚያስፈልጋቸው ታሪክ ብቻ አይደለምና፡፡ ኮነቲከት በ2001 መምህራን ለልጅ እንዲህ ያለ መድሃኒት እንዳይመክሩ በሕግ ከለከለች፤ የመጀመሪያዋም ናት፡፡ በ2004 የተሻሻለው የፌዴራል የልዩ ትምህርት ሕግ ደግሞ ማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጁ ቁጥጥር የሚደረግበት መድሃኒት ካልወሰደ አይማርም፣ አይመረመርም ወይም ድጋፍ አያገኝም ማለት እንዳይችል አድርጓል፡፡ መምህሯ በክፍል ያየችውን ለወላጅ መንገር ትችላለች፤ ክኒኑን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ግን አትችልም፡፡ የአሜሪካ የህጻናት ሀኪሞች ማኅበር መመሪያም ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ለወላጆች የሚደረግ የባህሪ ሥልጠና እንደሆነ ያስቀምጣል፡፡ ልጁ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ ኳስ ሜዳም እንዲሁ ነው ወይስ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚለውን ሀኪሙ ካልጠየቀ፣ እናት ትጠይቀው፡፡ የልጁን የልደት ወርም ቅጹ ላይ ከመሙላቷ በፊት ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ታስተያየው፡፡